የኒም ውኃ ምስክር

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ኮኪት ከተማ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ያላቸውን እትዬ ዘነቡን፣ ሰሊጡን ለሚመጠው ትኋን የሚረጩትን መርዝ ኒም በተባለው መራራ ዛፍ ቅጠል ውኃ እንዲተኩት መክሬያቸው ነበር። በቀጠሯችን ቀን ቅጠሉን ቀጥቅጠው፣ ዘፍዝፈውና አጥልለው በጀሪካን ሞልተው ጠበቁኝ።

«ሠራተኞቼን አይጎዳብኝም?» አሉኝ።

«እንኳን ሊጎዳ ይጠጣል!» ብዬ፣ ለሙያዬ ክብር ስል አንድ ብርጭቆ ጨለጥኩ። ምሬቱን ለመደበቅ ጀሪካኑን አመሰገንኩ። «ክዳኑ እንዴት ጠንካራ ነው!»

«የመርዙ ጀሪካን ነዋ! ሁለት ጊዜ አለቃልቄዋለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ስለ ባዶ የመርዝ ጀሪካን አደገኛነት ያዘጋጀሁት ትምህርት ለከሰዓት ነበር።

እትዬ ዘነቡ ወንበር አቀረቡልኝና የጎረቤት ባለመጋዘኖችን ጠሩ። «ተቀመጥ ልጄ፤ እስከ ማታ ደህና ከሆንክ ሁላችንም መርዙን እንተዋለን።»

ሥልጠና እንዲሳካልኝ የዚያን ቀን ያህል ጸልዬ አላውቅም።