የመቃብሩ አፈር

ያን ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ በጎረቤቴ ማሳ ዳር ክርክር ሰምቼ ቆምኩ። አዛውንቱ ገበሬ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይሟገታሉ። ልጅቱ እርሻ ተምራ የተመለሰች ናት፤ መንደሩ «የአፈር ሐኪም» እያለ ያሾፍባታል። ሹፈቱ አይጥመኝም። የሚያሾፉት ሰዎች ራሳቸው ከዓመት ዓመት ጎተራቸው እየሳሳ ነው።

ማሳው አዛውንቱን ከከዳቸው ቆይቷል። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይጠራርገዋል፤ ሲያባራ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ባለፈው ወር ደግሞ ባለቤታቸውን ቀበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ወገባቸው ተቆረጠ። ስለዚህ የማሳውን የላይኛውን አፈር ለጡብ ሠሪ ለመሸጥ ተስማሙ፤ የጭነት መኪናው በማግስቱ ጠዋት ይመጣል። አፈሩ ከተነሳ የሚቀረው ድንጋይ ብቻ ነው።

ሲያዩኝ ለዳኝነት ጠሩኝ። ልጅቱ የምትለው፣ ገለባውን ማቃጠል ይቅር፣ መሬቱን ሸፍኖ ይበስብስ፤ እህልና ባቄላ ይፈራረቁበት፤ ፍጉ ከቅጠል ጋር ተብላልቶ ወደ ማሳው ይመለስ፤ ማረሻውም ጋብ ይበል ነው።

«ልጄ፣ አባቴም ገለባ ሲያቃጥል ኖሮ ነው የሞተው» አሉ አዛውንቱ። «ደግሞ የሞተ መሬት በቅጠል አይነሳም።»

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አክስቴን የቀበርን ዕለት፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር አፈሩን አይተውታል?»

ክው አልኩ። ሐዘንተኛ እንዲህ ይጠየቃል ብዬ ልቆጣት ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን «ጥቁር ነበር» አሉ። «እርጥብ ነበር። ትል ይርመሰመስበት ነበር።»

«መቃብር ቦታውንና ይህን ማሳ የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ያኛውን ማንም አላረሰው፣ ማንም አላቃጠለው። ሣሩም ቅጠሉም እዚያው ወድቆ እዚያው ይበሰብሳል፤ ትሉም ውስጥ ውስጡን ያርሰዋል። ከዚህኛው ግን ስንወስድ እንጂ ስንመልስለት አልኖርንም።»

እኔም ገባሁበት። እንዲህ የታከመ መሬት ውሃ ይይዛል፣ ጎርፍ አይደፍረውም፤ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ቡቃያው ቶሎ አይጠወልግም፤ ማዳበሪያ ፍለጋ መንከራተቱም ይቀንሳል አልኩ። አዛውንቱ የሰሙኝ አይመስለኝም። ዓይናቸው ልጅቱ ላይ ነበር።

«መቼ ይድናል?» አሏት።

«አልዋሽዎትም። መጀመሪያ ላይ ምርቱ ሊያንስ ይችላል። እንደ መቃብሩ አፈር እስኪሆን ደግሞ እርስዎ ላይደርሱበት ይችላሉ።»

ልባቸውን የረታው ይህ ሐቀኝነቷ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ የመጣ ሁሉ ቃል የሚገባላቸው ለዘንድሮ ብቻ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ለጡብ ሠሪው ደወሉ።

«መኪናውን አትላክ» አሉት።

ሰውየው ምክንያቱን ሳይጠይቃቸው አልቀረም።

«ሚስቴን የቀበርኩበት አፈር፣ ዕድሜዋን ሙሉ አርሼ ካበላኋት አፈር ይሻላል» አሉት። «እንደዚህ አድርጌ ትቼው አልሞትም።»