የውሰት ኮት

የምስክር ስም፦ አቶ ከድሩ ሙዘይን
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ባለሱቅ
አድራሻ፦ ሰበታ ከተማ፣ ገበያው ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ፣ ግንቦት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ወይዘሮ ድንቅቱ ነገሳ አቶ ገብረየስን በድንጋይ መትታለች ተብላ መታሰሯን ስለሰማሁ፣ ያየሁትን ለመመስከር በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ። ታሳሪዋ የሟች ጎረቤቴ የቀጄላ ኢቲቻ ሚስት ናት። አቶ ገብረየስ ደግሞ ቡራዩ ላይ ለድሆች መድኃኒት በነጻ የሚያድለው ማኅበር ጸሐፊ ነው።

እኔ ለሱቄ ዕቃ ስል አዲስ አበባ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እመላለሳለሁ። በዚያው መድኃኒት በነጻ ወይም በርካሽ የሚሰጥበትን ቦታ እየጠየቅሁ በሽተኞችን አደርሳለሁ። የሰበታ ሰው "የመድኃኒት ደላላ" ይለኛል፤ ከዚህ ድለላ እስካሁን ያተረፍኩት የመንገድ አቧራ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር ቀጄላ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሲከሳ ስለ ማኅበሩ ነገርኩት። በእርሻ ልብስህ ና ብዬም አስጠነቀቅሁት። በቀጠሯችን ቀን ግን ሚስቱ ከመንደራችን መምህር ከብዙነህ ለምና ያመጣችለትን ግራጫ ኮት ለብሶ መጣ። አውልቀው ስለው "ኦቦ ከድሩ፣ ሰው ደጅ ቡትቶ ለብሼ ልቁም?" አለኝ። በአገራችን ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ተውሶም ቢሆን ለብሶ ይቀርባል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ከየት እንደተገኘ እስካሁን ግራ ይገባኛል።

አቶ ገብረየስ ቀጄላን ከእግር እስከ ራሱ አየውና "እንዲህ ያለ ኮት እኔም የለኝ" አለ። ኮቱ የውሰት መሆኑን አስረዳሁ። "ለድሀ ማን ኮት ያውሳል?" ብሎ መለሰልኝ። በማግስቱ ቀጄላ የእርሻ ልብሱን ለብሶ አብረን ተመለስን። ጸሐፊውም "ትናንት ባለኮት፣ ዛሬ ለማኝ፤ ልታታልለኝ ነው?" ብሎ በዘበኛ አስወጣን። ሲለብስ ሀብታም፣ ሲያወልቅ አጭበርባሪ ተባለ። ራቁቱን ቢሄድ ምን ይባል እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ ሱሉልታ ይዤው ሄድኩ፤ እዚያ መርፌው በገንዘብ ነበር። አንዱን በሬውን ሸጦ ጥቂት ጊዜ ተወጋና ሲያልቅበት አቋረጠ። በመጋቢት ሞተ። መምህር ብዙነህ በሽታውን ፈርቶ ኮቱን መልሶ ስላልወሰደ፣ ኮቱ ድንቅቱ ቤት ቀረ።

ግንቦት 6 ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ሌላ በሽተኛ ይዤ ማኅበሩ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ ድንቅቱ ገባች። እጇን ወደ ነጠላዋ ስትከት አቶ ገብረየስ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከነወንበሩ ወደቀ። ማጅራቱን የመታው የመድኃኒቱ መደርደሪያ ነው፤ ድንጋይ አልነበረም። ብልቃጦቹም ወድቀው ተሰባበሩ። እሷ ከነጠላዋ ያወጣችው የታጠፈ ኮት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "የባሌ ሀብት ይኸውልህ፤ ለድሆች አካፍለው" አለችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ለቀጄላ አይገባውም የተባለው መድኃኒት ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተበትኖ ስታይ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች። የተሰበረውን ትክፈል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ከምኗ እንደምትከፍል የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ኮቱ ዛሬ በኤግዚቢትነት እዚሁ ጣቢያ ይገኛል። የማን መሆኑን ለማወቅ ፖሊስ መምህር ብዙነህን አስጠርቶ ጠየቀው፤ እሱም "የኔ ነው፣ ለቀጄላ አውሼው ነበር" አለ፤ በአንድ ጧት አለቀ። አቶ ገብረየስም በጥር እንዲሁ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቀጄላ በሕይወት ነበር፤ ሚስቱም አትታሰርም፣ እኔም ለምስክርነት እዚህ አልቆምም ነበር። ይህችም እንድትጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፋለች።

ቃሌ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ካየሁት ያስቀረሁት፣ ካላየሁት የጨመርኩት የለም፤ ዳኛ ፊትም ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ከድሩ ሙዘይን
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ጥሩሰው አትክልት (ፊርማ)