ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያገባሁ ቀን
ላጤ ሆኜ ሐረር ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር ነው። ሁለት በአርቢ አሥርና አራት በአርቢ አምስት፣ ማለትም አሥር ሁለቶችና አምስት አራቶች እርስ በርስ ሲባዙ፣ እኩል መሆናቸውን ማስረዳት አቃተኝ። «እሺ፣ ላገባ ነው እንበል» አልኳቸው። «ለሁለት ሰው እነግራለሁ፤ እያንዳንዱም ለሌላ ሁለት ይነግራል። በአሥረኛው ዙር አንድ ሺህ ሃያ አራት ሰው ይሰማል። ሁሉም ለአራት አራት ሰው ከነገረ ግን በአምስት ዙር እዚያው ቁጥር ላይ ይደረሳል።»

ከሰዓት በኋላ ጀጎል ስገባ አከራዬ እማማ ነፊሳ አኩርፈው በር ላይ ጠበቁኝ። «ማሻ አላህ። እኔ ከሰው አፍ ልስማ?» አሉኝ። ለሙሽራዋ ሞሰብ መስፋት ጀምረዋል። በማግስቱ ክፍሉን አፋጠጥኩ፦ «እንበል ነው ያልኩት። በግማሽ ቀን እንዴት ከተማውን አዳረሳችሁት?» ፋጡማ ተነሳች። «ቲቸር፣ በሁለት ሁለት ይዘገያል ብለን በአራት አራት ነገርን።» ፈተናውን ሁሉም አለፉ፤ ሞሰቡም አለቀ። የጎደለችው ሙሽራዋ ብቻ ናት።