ያልታጠነው ጋን

ከማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ባልሽ ጠላ መጥመቅ ጀመረ የሚሉት እውነት ነው?»

«ጀምሯል። በፌስቡክ፣ ቤታቸው ቢራ ከሚጠምቁ ፈረንጆች ጋር ማኅበር ገብቶልሻል።»

«ጉድ! ወንዱ?»

«እዚያ የሚጠምቁት ወንዶቹ ናቸው አሉ። ጥንስሱን ፎቶ እያነሳ ሲልክላቸው ጎበዝ፣ ጎበዝ ይሉታል። አንዷማ ልብ ትልክለታለች።»

«ልብ?»

«ቀይ ልብ! እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት ስጠምቅለት አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብሎኝ አያውቅም።»

«ፎቶው ላይ አንቺስ አለሽበት?»

«ወንፊት የያዘው እጄ ብቻ።»

«ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ምን ዝም እላለሁ! ጋኑን በወይራ ልጠነው ወይ ሲለኝ፣ ትናንት አጥኜዋለሁ አልኩት።»

«ሳታጥኚው?»

«ሳላጥነው። ጠላው ፊት እስኪያጨማድድ ሆመጠጠ።»

«እሰይ! አፈረ?»

«የምን ማፈር! ሆመጠጠብኝ ብሎ ቢጽፍላቸው፣ ‹እኛ የሆመጠጠ ቢራ ለማግኘት ወራት እንለፋለን፤ እንዴት አድርገህ ነው?› ብለው ተንጫጩ። ልቡም በዛለት።»

«ውይ!»

«አሁን ደግሞ ‹እንዴት እንዲህ ሆነልኝ? አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም› እያለ ይለማመጠኛል።»

«ንገሪው እንጂ!»

«ምን ብዬ? ቀንቼ ነው ልበለው?»

ለወንድሜ ሚስት ብዬ ከጌሾው ሁሉ ኃይሉ ያለቀውን አሮጌውን መርጬ የያዝኩትን ፌስታል፣ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።