ስለ ዘጠኙ ቀናት፦ የአሥር አለቃ በኃይሉ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶችና ወዳጆች፦ ይህን ዜና ሕይወት ያጻፉት ራሳቸው ሟቹ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ አንዱ ክፍል እንዲቀር ቢለምናቸውም እሱ ከቀረ ሌላውም አይነበብ ስላሉ፣ እንደ ቃላቸው ሙሉውን እናነባለን።

አሥር አለቃ በኃይሉ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰማያት ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ አስፋው በ1927 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ዳዊት እስኪደግሙ በደብራቸው ተምረው፣ በሃያ ዓመታቸው በፖሊስ ሠራዊት ተቀጥረው፣ በየአውራጃው ሲዘዋወሩ ቆይተው በ1961 ዓ.ም. ወደ አዋሳ መጡ። ከወይዘሮ ተዋበች ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በአዋሳ ከጣቢያ ወንበር ይልቅ የታቦር ተራራን ዳገትና የሐይቁን ዳር የመረጡ፣ ሲዳምኛ ተምረው ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ጥግ ይዘው ማድመጥ የለመዱ ሰው ነበሩ። ቀበሌ ተቋቁሞ ጠመንጃ በየመንደሩ በበዛበት ዘመን፣ መንደር የሚጠበቀው በመንደርተኛው ዓይንና እምነት ነው እያሉ ነዋሪው በየተራው ሰፈሩን እንዲጠብቅ አደራጁ፤ ሌባ ሲያዝም ከዱላ በፊት ሽማግሌ ያስጠሩ ነበር። ወይዘሮ ተዋበች፣ ደመወዙን መንግሥት ይክፈል እንጂ ባሌስ የሰፈሩ ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ግን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መረቦች ከሐይቁ ዳር ጠፉ። ሌላውን ሁሉ ጠይቁ፣ አድምጡ ሲሉ የኖሩት ሰው ያን ጊዜ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በአንድ ሰው ሹክሹክታ ብቻ ዓሣ አስጋሪውን አቶ ማቴዎስን አሰሩ። በአራተኛው ቀን የአቶ ማቴዎስ አባት ዐረፉ፤ ሽማግሌዎች ዋስ እንሆናለን፣ ልጁ አባቱን ቀብሮ ይመለስ ብለው ቢለምኑም፣ እሳቸው ያመልጣል ብለው ከለከሉ። በዘጠነኛው ቀን መረቦቹ ጉማሬ ጎትቶ ደንገል ውስጥ ከቷቸው ተገኙ፤ አቶ ማቴዎስም ተፈቱ።

በማግስቱ ሟቹ መለዮአቸውን አውልቀው ሶንጎው ፊት በመቆም፣ ንጹሕ ሰው ማሰራቸውንና ቀብር መከልከላቸውን በሲዳምኛ ተናገሩ። አለቆቻቸው የመንግሥትን ክብር አዋርደዋል ብለው ሃምሳ አለቃነታቸውን ገፈው ወደ አሥር አለቃነት ሲያወርዷቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ያንገበገባቸው፣ ሽማግሌዎች ታረቁ ሲሉ አቶ ማቴዎስ አንድ ቃል ሳይመልሱ ተነሥተው መሄዳቸው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እሳቸው ግን ወግተውም አልረሱም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ባገኟቸው ቁጥር ባርኔጣቸውን እያነሱ እጅ ቢነሱም ምላሽ አላገኙም።

ከአንድ ዓመት ወዲህ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተዋበችን፣ ልጆቻቸውን ሙሴንና ትዕግሥትን፣ እንዲሁም ዛሬ ሥራውን ዘግቶ የወጣውን ይህን ሰፈር ትተው ሄደዋል።

የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው። አቶ ማቴዎስን እንዲመጡ ማንም እንዳይለምናቸው፤ ከቀብሬ ከመጡ ግን ነፍስ ይማር የሚለውን ቃል ከእሳቸው በፊት ማንም እንዳይናገር፤ ዝም ካሉም በዝምታ ቅበሩኝ ብለዋል። አቶ ማቴዎስ መጥተዋል፤ ከመቃብሩ አጠገብ ቆመዋል። እንግዲህ ለነፍሳቸው ዕረፍት የምንለምነውን ጸሎት በአፋችን ይዘን፣ ሁላችንም እንጠብቃለን።