ጭቃ የበላው ጠጠር

ክረምቱ ከባድ ነበር። በሰኔ የጀመረው ዝናብ እስከ ጳጉሜን አላባራም። በመስቃን በርበሬ በማሳው በሰበሰ። በቡታጅራ ከአስፋልቱ የራቀውን ሰፈር ሁሉ ጭቃ ዋጠው። በእኛ ሰፈር አጥር ሁለት ቦታ ላይ ወደቀ። በሐምሌ ወለተጊዮርጊስ ከቤቷ ወደ ውጭ በር ስትሄድ አዳለጣት፤ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ።

ወለተጊዮርጊስ የጎረቤቴ የፈቃደ ባለቤት ናት። ባጃጅ ጠራን። ከውጭ በሩ እስከ ቤታቸው ያለው መግቢያ ረጅምና ቁልቁል ነው። ባጃጁ ገብቶ መሃል ላይ ሰመጠ። ገፋነው፤ ባሰበት። በመጨረሻ በአልጋ ተሸክመን አስፋልት አደረስናት። የአልጋውን አንድ ማዕዘን ይዤ ነበር። አልጮኸችም። ነጠላዋን ነከሰች።

ታክማ ተመለሰች። ሐኪሙ እግሯን የሚያፍታታ ሕክምና በየሳምንቱ እንድትከታተል አዘዘ። ጥቂት ጊዜ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መግቢያ የሚደፍር ባለባጃጅ ጠፋ። ተሸካሚዎቹም ሽማግሌዎች ነን፤ ደከመን። ቤት ቀረች። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ከተቀመጠች መራመድ ትረሳለች» ብሎ ላከ።

በጳጉሜን አንድ ጠዋት ከደጄ ተቀምጬ ሳለሁ ቀይ አሽ የጫነ አይሱዙ ጀርባውን ወደ ፈቃደ በር ሰጥቶ ቆመ። ቀይ አሽ ከአካባቢያችን ኮረብቶች የሚቆፈረው ቀላሉ ቀይ ጠጠር ነው። ልጆች ለመስቀል ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣሉ። ስለዚህ አቅም ያለው አባት ሁሉ በጳጉሜን መግቢያው ላይ ቀይ ጠጠር ያስደፋል። መግቢያው ለበዓሉ ሳምንት ያምራል። እንግዳ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ክረምት ሲመለስ ጠጠሩ የት እንደገባ አይታወቅም፤ እንደገና ይደፋል። ፈቃደ በርበሬ ነጋዴ ሳለም ሆነ ንግዱን ከተወ በኋላ ይህን አንድ ዓመት አላጓደለም።

በዚያው ሰዓት ሲፈን በመንገዱ መጣች። ሲፈን ከፈቃደ በታች የሚኖረው የሀብተጊዮርጊስ ልጅ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የመንገድ ሥራ ተምራ በቆሼ በኩል በሚሠራ መንገድ ላይ ተቀጥራለች። ለበዓል መምጣቷ ነበር። ሁለቱ አባቶች ለቅሶ ቤት ካልተገናኙ በቀር አይነጋገሩም። የፈቃደ ግቢ ውሃ በሀብተጊዮርጊስ እንሰት ላይ ስለሚወርድ ነው። ልጅቷ ግን ከመኪናው አጠገብ የቆመውን ፈቃደን አይታ ቆመች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? እትዬስ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀምጣለች።»

«ይህ ጠጠር ለመግቢያው ነው?»

«ለመስቀል ነው» አለ ፈቃደ።

«ካላስቆጣዎት አንድ ነገር ልበል። አያስደፉት።»

ሾፌሩ አብርሽ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ፋዘር፣ ልገልብጥ ወይስ ምክር ቤቱ ይጨርስ?»

«ቆይ አንተ!» አለው ፈቃደ። ወደ ልጅቷ ዞረ። «ለምን አላስደፋም? አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አባቴ መምጣቴንም አያውቅም። የአምና ጠጠርዎ የት አለ ጋሼ?»

«ከሥር ነዋ!»

«የካቻምናውስ?»

«ከሱ ሥር።»

አብርሽ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መስማቴን ማሳወቅ አልፈለግሁም።

«ጭቃው ነው የበላው» አለች ሲፈን። «እርጥብ መሬት ላይ የተደፋ ጠጠር ጎማ ሲረግጠው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል። ቀይ አሽ ደግሞ ተሰባሪ ነው። መኪና ሲመላለስበት ይፈጫል፤ የተፈጨው ዝናብ ሲያገኘው ራሱ ጭቃ ይሆናል። በየዓመቱ ጭቃ አስመጥተው ጭቃ ላይ ይጨምራሉ።»

«እንግዲያ የወንዝ ጠጠር ይሁን። እሱ አይሰበርም።»

«አይሰበርም። ግን ውሃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ነው፤ እርስ በርሱ አይያያዝም። እትዬ ምርኩዛቸውን ሲያሳርፉበት ይንከባለላል። ለዚህ የሚሆነው ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ወጥቶ በማሽን የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጠርዝ ስላለው አንዱ ሌላውን ይነክሳል። ከታች ጡጫ የሚያክለው፣ በላዩ ከዚያ ያነሰው፣ ከሁሉ በላይ ደቃቁ ከነዱቄቱ። ዱቄቱ ክፍተቱን ሞልቶ ያጣብቀዋል። እያንዳንዱ ሲነጠፍ ውሃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። ይህም መሬቱ ሲደርቅ ነው፤ በኅዳር።»

«ለአንድ መግቢያ ይህ ሁሉ!» አለ ፈቃደ። «አባቶቻችን ጀፎረን የሚያህል መንገድ ሲያቆዩ አንድ ጠጠር አልደፉበትም። ሳር ነበር። የሚተኛበት ሳር። ያውም ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ።»

ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፈው ሰፊው የሳር ጎዳና ነው። ሽማግሌ ጀፎረን ከጠራ ክርክሩ ያበቃል፤ ልጅ ዝም ይላል። ሲፈን ግን ቀጠለች።

«ልክ ነዎት ጋሼ። እኔም በአያቴ ጀፎረ ላይ ሮጫለሁ። ግን ጀፎረን ያቆየው ሳሩ ነው? ማንም እንዳያርሰው፣ አጥር እንዳይገፋበት፣ ውሃ እንዳይቆርጠው ደንብ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ ጠባቂ ነበረው። የእርስዎ መግቢያ ግን ጌታ ያለው በመስቀል ሳምንት ብቻ ነው።»

ይህ ነገር ነካው። ከዘራውን ጭቃው ላይ ተከለ።

«ከጠጠሩ በፊት ደግሞ ውሃው ነው» አለች። «በሩ ላይ ቦይ ተቆርጦ ከመንገድ የሚገባው ውሃ ቢያዝ...»

«እዚህ ላይ ተሳስተሻል» አለ ፈቃደ ቀና ብሎ። «ውሃው ከመንገድ አይመጣም። ነሐሴ ሲደርስ እዚያ አቮካዶው ሥር ከመሬት ይመነጫል። መንገዱ ደርቆ እንኳ እዚያ ይረጥባል። ነይ ላሳይሽ።»

ሄዱ። ልጅቷ በጫማዋ ረገጠችው፤ ውሃ ዙሪያዋን አቀረረ።

«እውነትዎን ነው። ላይ ላዩን አይቼ ነው የተናገርሁት። እንግዲያ ቦዩ ከአቮካዶው በላይ ይጀምርና በመግቢያው ዳር ወርዶ...» አቆመች።

«ወርዶ የት?»

ሁለቱም ያውቁታል። ከፈቃደ ቤት በታች የአባቷ እንሰት ነው። ውሃ የሚሸኘው ፈፋ ከእሱ ወዲያ ነው።

«አየሽ» አለ። «አባትሽ አያሳልፈኝም። እኔም አልለምነውም። አብርሽ፣ ገልብጥ!»

«አትገልብጥ!»

ድምፁ ከቤት መጣ። ወለተጊዮርጊስ ግድግዳ ተደግፋ በራፉ ላይ ቆማለች። እግሯ ይንቀጠቀጣል።

«ማን ተነሺ አለሽ?» አለ ፈቃደ ደንግጦ።

«አንተ። ፈቃደ፣ እኔ ቀይ መግቢያ አልፈለግሁም። ሐኪም ቤት የምደርስበት መንገድ ነው የፈለግሁት።»

«ልጆቹ መጥተው ጭቃ ሲያገኙ ምን ይላሉ? ሰፈሩስ? አቅሜ ለሁለቱ አይበቃም። ወይ አሁን ነው፣ ወይ በኅዳር።»

«ሰፈሩ በአልጋ ስወጣ አይቶኛል። ከዚያ ወዲያ የምን እፍረት? ለመስቀል ጭቃ ይሁን። በሚመጣው ክረምት ግን በእግሬ ልውጣ።»

«ሀብተጊዮርጊስስ?»

«የእሱ ወንፈል አለብህ። ይህ ቤት ሲሠራ መሠረቱን አብሮህ ቆፍሯል፤ ድንጋዩን በጀርባው ተሸክሟል። ተራው ሲደርስ በውሃ ተጣላችሁና ቀረ። እሱ ደጅ እንዳትሄድ የያዘህ ኩራትህ ነው ወይስ ዕዳህ?»

ወንፈል ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በጉልበቱ ከሠራልህ በጉልበትህ ትመልሳለህ፤ ሌላ ነገር አይተካውም። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ዕዳ ያውቅ ነበር። ፊት ለፊት የነገረው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ፈቃደ የሚንቀጠቀጠውን የሚስቱን እግር አየ።

«አብርሽ፣ ውሰደው። ቤት የሚሠራ ገዢ አታጣም።»

«ፋዘር፣ እስካሁን እኮ ስንቴ በተመላለስኩ!» እያለ ሞተሩን አስነሣ።

ፈቃደ ሽማግሌ ያስፈልጋል ብሎ እኔን ይዞኝ ወረደ። ሀብተጊዮርጊስ እንሰቱ መሃል ቆሞ ጠበቀን።

«ወንፈልህን ልመልስ መጣሁ» አለ ፈቃደ።

«ዘገየህ።»

«ዘገየሁ።»

«ልጄ ናት የላከችህ?»

«የአንተም ልጅ፣ የእኔም ሚስት» አለና ፈቃደ የቦዩንና የጥቁሩን ጠጠር ሐሳብ ነገረው።

ሀብተጊዮርጊስ ሳቁን ዋጠ። «ሁለቱ ከገጠሙ ማን ይችላል? ቦዩን በእኔ ዳር አሳልፍ፤ ውሃው ከእንሰቴ ከወጣ ይጠቅመኛል። ይህ ግን ወንፈል አይባልም፤ ለራስህ ነው የምትቆፍረው። ጠጠር የምትሉትንም ገና አላመንሁም። ያንተን መግቢያ ክረምት ይፈትነው። ከቆመ ለእኔ መግቢያ እጠራሃለሁ።»

መስቀል ደረሰ። ልጆቹ መጡ፤ መኪናቸውን አስፋልት ዳር አቆሙ። ታላቁ ይድነቃቸው ጫማውን እያየ «አባዬ፣ ዘንድሮ በሩ ምን ሆነ?» አለ።

«ታሟል። ዶማው እዚያ ነው።»

ይድነቃቸውና ታናሹ ግሩም ክትፏቸውን በልተው በማግሥቱ ቦይ ቆፈሩ። ሲፈን ሲባጎ ወጥራ መውረጃውን አሳየቻቸው። እናታቸው እስከ ኅዳር የምትወጣበት ሳንቃ ጭቃው ላይ አነጠፉ። ለበዓል ጥየቃ የመጣ ዘመድ «ፈቃደ አቅም አነሰው እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ፈቃደም ሰምቷል።

በኅዳር መሬቱ ደረቀ። የላዩን አፈር ሲገፉ የየዓመቱ ቀይ ጠጠር ከጥቁር ጭቃ ጋር እንደ ሊጥ ተለውሶ ወጣ። ፈቃደ በእጁ አንሥቶ አየው፤ ወረወረው። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ በሦስት ድርብ ተነጠፈ። መሃሉ እንደ አህያ ጀርባ ከፍ አለ፤ ውሃው ወደ ግራና ቀኝ እንዲሸሽ። ጠጠሩ እንዳይበተን ዳርና ዳሩ በትልልቅ ድንጋይ ታሠረ።

ንጣፉን ልታይ ከቆሼ የመጣችው ሲፈን ወደ ሥራዋ ስትመለስ «አሁን ልክ እንደ ጀፎረ ይጠብቁት» አለችው። ጠበቀው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎማ ወደ ዳር የገፋውን ጠጠር ጥርስ ባለው ሬክ ወደ መሃል ይመልሳል። ጉድጓድ ሲያይ ውሃው ውስጥ ድንጋይ አይወረውርም፤ ውሃውን ያፈሳል፣ ጭቃውን ይጠርጋል፣ ያንኑ ዓይነት ጠጠር ሞልቶ ይጠቀጥቃል። የበቀለ ሣር ይነቅላል። ግንቦት ሳያልቅ ቦዩን ያጸዳል።

ክረምቱ መጣ። እንደ አምናው አጥብቆ ዘነበ። ባጃጅ እስከ ቤቱ በራፍ እየገባ ወለተጊዮርጊስን በየሳምንቱ ወሰደ። በሐምሌ በምርኩዝ፣ በነሐሴ መጨረሻ ያለ ምርኩዝ ውጭ በር ደርሳ ስትመለስ አየኋት። የሀብተጊዮርጊስ እንሰት ሥሩ መበስበሱን ተወ። በጳጉሜን ከእኛ ሰፈር ሌሎች አባቶችም ቀይ ጠጠር ማስደፋቱን ትተው ቦይ ሲለኩ ተመለከትሁ። ለእንግዳ ዓይን በየዓመቱ የሚደፋ ጠጠር ለባለቤቱ እግር አይሆንም። ውሃውን አስቀድሞ ያወጣ፣ መሬት እስኪደርቅ የታገሠ፣ ጠርዝ ያለውን ድንጋይ መርጦ ያነጠፈ፣ ካነጠፈም በኋላ ያልተወው ሰው አንድ ጊዜ ደክሞ ለብዙ ክረምት ያርፋል።

በኅዳር ሀብተጊዮርጊስ ላከ። «መግቢያዬን ልሠራ ነው» አለ።

ፈቃደ ልጆቹን ከአዲስ አበባ ጠራ። ግሩም «አባዬ፣ የቀን ሠራተኛ እናምጣላቸው» አለው።

«እሱ በሰው አላስቆፈረልኝም» አለ ፈቃደ።

ልጆቹ ድንጋይ ተሸከሙ። ፈቃደ ከባዱን ማንሣት አይችልም፤ ስለዚህ ተንበርክኮ የዳሩን ድንጋዮች አንድ በአንድ ደረደረ። ሀብተጊዮርጊስ ከጎኑ ተንበርክኮ ያቀብለው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሀብተጊዮርጊስ ተነሣና አዲሱን ጠጠር በተረከዙ ደጋግሞ ረገጠ። አልሰመጠም።

ጎንበስ ብሎ ፈቃደን በብብቱ ይዞ አስነሣው።

«ወንፈልህ ደርሶኛል» አለ።