ስልሳ ሁለት ሺህ ብቻ

እንደምን አደርክ የኔ ልጅ? ኧረ አትነሳ፣ ሥራህን ሥራ። በርጩማውንም ተው አትጥረገው፤ የኔ ቀሚስ የዘይት ጠብታ የሚፈራ አይደለም። … እስቲ ልቀመጥ። እፎይ! ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው አካሌስ ደህና ነው። ቤተሰብ ደህና? ሚስትህን ወገቧን ተሻላት? ተመስገን። ጋራዡንም አሰፋኸው መሰለኝ፤ ያ ጥግ ላይ የነበረው የጎማ ክምር የት ሄደ? ወለሉማ ሳሎን ሆኗል። እጅህ የተባረከ ነው። መቼም ሰው ስለ አንተ ክፉ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም … እስከ ዛሬ ማለቴ ነው።

እኔማ ምን ሥራ አለኝ፣ ወንድም ጋሼን ላጅብ ነው የመጣሁት። ያውልህ በመስታወቱ ይታያል፣ ቢሮህ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን እየፈለገ ነው። የልዋጩ ውል ፊቱ ተቀምጧል። ጥቁሯን መኪናውን ሰጥቶ አማቻችን ያመጣትን ነጯን ሊወስድ ያንተን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። «መካኒኩ ነጯን ጤነኛ ናት ካለኝ እፈርማለሁ» ብሏል። እንግዲህ የወንድሜ ነገር ባንተ ምላስ ጫፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ቀላል ሥልጣን እንዳይመስልህ።

አማቻችንም፣ የወንድም ጋሼ ልጅ ባል፣ ያውና ነጯ አጠገብ ቆሟል። ስልክ እያወራ ስለሆነ አይሰማንም። እንዴት ያለ ስልክ ነው ግን፣ እኔ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚያወራው? … አዳማጭ ሰው ነው፣ ታድሎ።

ጥቁሯን መቼም እኔ ልንገርህ አልልም፣ ሆዷን ስንት ጊዜ አይተኸዋል። ወንድም ጋሼ የሆቴሉ ሹፌር ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ነዳት። ስንቱ ትልቅ እንግዳ፣ ሚኒስትር ሳይቀር፣ ከኋላ ወንበሯ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቷል። ጡረታ ሲወጣ ሆቴሉ አዳዲስ አስመጥቶ ስለነበር «በል አብረሃት አርጅ» ብለው ሰጡት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ያመላልስባታል፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ሽማግሌዎች ያደርስባታል። መተዳደሪያው ናት። ከሚስቱ ሞት በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከቤት የሚያስወጣው ምክንያት እሷ ብቻ ናት።

አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎሜትር! እኔን ብትሆን እስካሁን ከአልጋ አትወርድም ነበር። እሷ ግን ስትነሳ ድምፅ የላትም። ጠዋት ጠዋት ያስነሳትና ሦስት ደቂቃ ሙሉ ኮፈኗን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣታል። ባለቤቱ ነፍሷን ይማረውና «እኔን እንዲህ ሦስት ደቂቃ ሰምቶኝ ቢያውቅ አሥር ልጅ እወልድለት ነበር» ትል ነበር። ዘይቷን በአሥር ሺህ ቀይር ሲሉት በአምስት ሺህ ይቀይራል። ለራሱ ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል ዓመት የሚያመነታ ሰው፣ እሷ ትንሽ ካንኳኳች ቁርስ ሳይበላ እዚህ በርህ ላይ ነው።

ታዲያ አማቻችን አሮጌ ናት አለ። ሐሰት አለበት? አሮጌ ናት እንጂ! እሱ ደግሞ ለኛ በጣም ያስባል። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጃችንን ሲያገባ ዓይኑ ከሙሽራዋ ይልቅ መኪናዋ ላይ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ … እኔ አላልኩም። ብቻ ያን ቀን «አባባ፣ እንደዚህ ያለች ዛሬ ከየት ትገኛለች!» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በሁለት ዓመቷ ቆሻሻ ሆነችና አረፈችው። ወይ ጊዜ! ሃያ አራት ዓመት ያልዛገ ብረት፣ በአማች ዓይን እንዲህ ቶሎ ይዝጋል?

አመጣጡም ያምር ነበር። እሁድ ምሳ ላይ፣ ልጃችን ባለችበት፣ ማንኪያውን አስቀምጦ «አባባ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ቀርተው እኔ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለ። ልጃችን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሴት ልጁ እንባ እያቀረረች እምቢ የሚል አባት የት አለ? አየህ፣ ጊዜና ቦታ መምረጥ መታደል ነው። እኛ በዚህ ዕድሜያችን እንኳን የሚባለውን ነገር ሳህን እያጠብን ነው የምንለው፤ ለዚህም ነው ማንም የማይሰማን።

መንገድ ላይ መቆሟን ግን አልዋሸም። ቆማለች። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን! ራዲያተሯ ውሃ ጨርሶ፣ ሞተሯ ግሎ፣ መሀል አደባባይ ቀጥ አለች። ያን ቀን ማን ተውሷት እንደነበር … ኧረ እርጅና ክፉ ነው፣ ረሳሁት። ቀይ መብራት ሲበራበት ጌጥ መስሎት ነው አሉ። አማቻችን ስልኩን ሲጨርስ እንጠይቀዋለን፣ እሱ ሳያስታውስ አይቀርም።

ቸርነቱን ደግሞ ስማ። ይቺ የማትረባ ብረት እጃችን ላይ እንዳትቀርብን ብሎ ወዳጁን ለመነልን። ወዳጁ የሙሽራ መኪና ያከራያል። ይኸው በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ደወለ፤ ዛሬ ከሰዓት ካልወሰድኳት ሞቼ እገኛለሁ ብሎ። የሰው ቆሻሻ ለመሸከም እንዲህ የሚሽቀዳደም ወዳጅ ማን አለው? የኛ ጓደኞች እንደሆኑ ሰነፎች ናቸው፤ የሚሽቀዳደሙት ለሚረባ ነገር ብቻ ነው።

ነጯንስ አየሃት? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይላሉ። ይቺማ ሲያዩዋት ታምራለች፤ ሲነዷት ደግሞ … እሱ ያንተ ሙያ ነው። የወንበር ልብሷ አዲስ፣ መሪዋ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ የፍሬን ፔዳሏ ጎማ ገና ዛሬ ጠዋት ከላስቲክ የወጣ ይመስላል። ሽቶዋማ አይወራም፣ ከቤት እዚህ ስንደርስ አራት ጊዜ አስነጥሶኛል። «የሄደችው ስልሳ ሁለት ሺህ ብቻ ነው እትዬ» አለኝ አማቻችን። «አንዲት ሐኪም ናት የነበረቻት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ በቃ።» ያቺን «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደሚያሳምራት! ሌላ ሰው ቢላት እንዲህ አታምርም።

ታዲያ ስንወርድ በሩን ብከፍት መነጽሬ ከጭኔ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ፣ በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነው ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ አየሁ። ያቺ እናንተ ዘይት ስትቀይሩ ቀጣዩን ኪሎሜትር የምትጽፉባት። «ቀጣይ ዘይት፦ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ሺህ» ትላለች። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ሦስት መቶ አርባ ሰባት ሺህ! እስቲ አንተ ባለሙያው አስረዳኝ፣ እኔ ሴትዮዋ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ፤ መኪና በተነዳች ቁጥር ኪሎሜትሯ ይቀንሳል እንዴ? ወይስ ያቺ ሐኪም ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለሰው በኋላ ማርሽ ነበር?

ኧረ አትሳቅ፣ ከልቤ ነው! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ጡረታ ሲደርስባቸው ዕድሜያቸውን ቀንሰው የሚመጡ ስንቱን አየሁ። አንዱማ ቀንሶ ቀንሶ ከገዛ ታናሽ ወንድሙ አንሶ መጣ። እነሱ ግን ቢቀንሱ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ዓመት ነው። እንዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ የሚያራግፍ እጅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የዚያን እጅ ባለቤት ባገኘው ጉልበቴን አሳየው ነበር። ምን ያለ ጠንቃቃ ይሆን! መሪውን አስታውሶ፣ ፔዳሉን አስታውሶ፣ ሽቶውን አስታውሶ፣ ያቺን አውራ ጣት የምታህል ወረቀት ብቻ ረሳ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ድሮ ቀረ፤ የዘንድሮ እውነት መነጽር እስኪወድቅ ነው የሚጠብቀው። ማን እንደረሳት እኔ እንጃ፣ ያቺ ሐኪም ትሆናለች።

ምነው የኔ ልጅ፣ ጨርቁን እንዲህ አሸኸው? እጅህ ከጸዳ እኮ ቆየ። … ትናንት በዚህ ሳልፍ እዚያ ጥግ ከአማቻችን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፋችሁ ስትስቁ አይቻችኋለሁ። ደስ አለኝ! ልጃችን ሰው የሚወደው ባል ነው ያገባችው አልኩ። አንተን መቼም ማን ይጠረጥርሃል? ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው፣ በር ላይ ያለች ወረቀት በምን ዓይኑ ያያል?

ወንድም ጋሼስ አላየም ወይ ትለኛለህ። አላየማ! ከመንገድ ማዶ መኪና ሲያልፍ ሰምቶ «የዚያኛው አንዱ ካንዴላ ታሟል» የሚል ሰው፣ የነጯን ኮፈን አንዴ እንኳን አልከፈተም። «ክፈትና እይ እንጂ» ብዬዋለሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የልጄ ባል ያመጣልኝን ገልጬ ባይ፣ አላምንህም ማለቴ አይደል? ነውር ነው።» ነውር ነው አለኝ! እይ እንግዲህ፣ የዚህን ቤተሰብ ነውር ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ይዞራል። ለሌላው ትንሽ ቢያካፍል ምን ነበረበት?

ዛሬ ጠዋት ጥቁሯን አጥቦ ሲጨርስ ገብቶ ተቀመጠ፣ መሪዋን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረጋትና ቶሎ ብሎ ወረደ። ያላየሁ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ወንድሜ ነው፣ ምን ልሁን?

እኔማ አልናገርም። ለምን ብዬ? ልጃችን ገና ሦስት ወሯ ነው ከወለደች፤ ሕፃኗ ሴት ናት፣ አባቷን ቁጭ። አክስቲቱ አፏን ከፍታ የአራስ ቤት አፈረሰች ልባል? ጅብ እንኳን ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። አሳምረው በሚያውቁት ቤት ገብቶ ትራስም ጨምሩልኝ የሚል ጅብ … ወይ ጉድ፣ ስለ መኪና እያወራን ጅቡን ከየት አመጣሁት!

የባለሙያ ቃል ግን ቤት አያፈርስም። አንተ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ብዙ ሄዳለች» ብትለው ማን ይቀየምሃል? ጤነኛ ናት ብትለውም ማንም አይቀየምህ። ወንድም ጋሼ ሙሽራ ከነሚዜዋ ጭኖ ሜዳ ላይ ሲቀር ደውሎ ያመሰግንሃል። እኔም ይቺን በርጩማ በጣም ወድጃታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ደንበኞችህን አጫውትልሃለሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል።

እንዴ! አማቻችን ስልኩን ጨረሰ። ደህና ዋል እንኳን ሳይል ኪሱ ከተተው? … የነጯን በር ከፈተ። ምነው ተንበረከከ? በጥፍሩ የሚፍቀው ምንድን ነው? … ጽዳት ይወዳል፣ መቼም። ቀስ በል በለው፣ ቀለሟን እንዳይጭራት። ደግሞ ምን አስቸኮለው? እኔ እንደሆንኩ ቁጥር አልረሳም፤ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቁጥር ነው የሸበትኩት።

አንተስ ወዴት ነው? … ለወንድም ጋሼ መስታወቱን አንኳኳህለት! ጎሽ፣ የኔ አንበሳ! ጥራው፣ ይውጣና በዓይኑ ይይ። … ይኸው ወጣ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ። እስቲ እንያቸው።

… አየህ? አማቻችን «ሦስት መቶ አርባ» የምትለዋን ግማሽ ወረቀት ጥፍሩ ላይ ይዟል፤ «ሰባት ሺህ» የምትለዋ ገና በሩ ላይ አለች። ወንድም ጋሼ አያት፣ አያትና እስክሪብቶውን ከደነ። ምን አለው? … ሰማኸው? «አትቀየመኝ ልጄ፣ ጥቁሯ ልትለየኝ አልቻለችም።» አትቀየመኝ! እግዚኦ! ይቅርታ የጠየቀው ማን እንደሆነ አየህልኝ? በጥፊ ቢለው ይሻለው ነበር።

በል እንግዲህ ልሂድ፣ ወንድም ጋሼ ጥቁሯን ሊያስነሳ ነው። ሳልመርቅ ግን አልነሳም፤ ለአማቱ ይህን ያህል የደከመ ልጅ ያለ ምርቃት አይሸኝም። ስልኩንም ስለዘጋ ጮክ ልበል … ፈጣሪ ለአማቻችን ዕድሜ ይስጠው፤ ረጅም፣ አንዲት ቀን ያልተቀነሰችለት ዕድሜ። ያቺን ሕፃን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። እሱም ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ከልጁ በቀር የሚያምነው ሰው ሲያጣ … ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ ልክ እንደሱ የሚያስብለት አማች ታምጣለት። አሜን በል እንጂ የኔ ልጅ፣ ምርቃት እኮ ነው!